የፎቶህ ሆድ ዕቃ

ይድረስ ለምወድህም ለምቆጣህም ወንድሜ፤

ለመሆኑ እንዴት ነህ? ጤናህስ? ወገብህ ተሻለው? ያ ብርድ ሲመጣ የሚነሳብህ ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም ጎረቤት ትቀሰቅሳለህ? ምግብ ቁጭ ብለህ ትበላለህ ወይስ እንደ ልማድህ ቆመህ ነው የምትጎርሰው? እኛ ሁላችን ደህና ነን። እናታችን ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ደረጃ ሲያይ ይለግማል። ባለቤቴም ደህና ነው፤ ሬዲዮኑን ፈታትቶ መልሶ መግጠም ስላቃተው ቤታችን ዝም ካለ ሦስት ሳምንት ሆነው። ልጄም ደህና ናት፤ ቁመቷ ከእኔ በልጦ አሁን ቁልቁል ነው የምትመክረኝ። ናፍቆታችንን ልዘርዝር ብል ወረቀቱ አይበቃኝም፣ በዚያ ላይ ዛሬ ወረቀቱን የምፈልገው ለሌላ ጉዳይ ነው።

በስልክ መንገር ስትችል ለምን ጻፈችልኝ ማለትህ አይቀርም። በስልክማ አውቅሃለሁ። ወሬው ወደማትፈልገው ሲዞር «ሄሎ? ሄሎ? እትዬ፣ አይሰማም እኮ፣ ኔትዎርኩ ነው» ብለህ ትዘጋብኛለህ። የእኔ ድምፅ ላንተ ጥርት ብሎ የሚሰማህ ስለ አየሩ ሁኔታ ሳወራ ብቻ ነው። ወረቀት ግን አይቆራረጥም። እስከ መጨረሻው ታነባታለህ። ከፈለግህ ተቆጣ፣ ከፈለግህ ሳቅ፣ እኔ እንደሆንኩ አላይህም።

ጉዳዩ ያ የላክልኝ ፎቶ ነው። አዎ፣ እሱ። ቀይ መኪና ላይ ክንድህን ደገፍ አድርገህ፣ ማበጠሪያ በሚሰብር ፀጉርህ፣ እስከ መንጋጋህ ድረስ የሳቅክበት። «ባለፈው እሁድ ነው የተነሳሁት እትዬ፣ ገና ትኩስ ነው» ያልከኝ።

ነገሩ እንዲገባህ ከመጀመሪያው ልጀምርልህ። የምሠራበት ፎቶ ቤት ከመታወቂያ መስሪያ ቤቱ ፊት ለፊት እንደሆነ ነግሬሃለሁ። የሚመጣልን ሰው ሁሉ ጉርድ ፎቶ ፈላጊ ነው። እኔ ነጩን መጋረጃ እተኩሳለሁ፣ የሰዉን ፀጉር አበጥራለሁ፣ ኮሌታ አቃናለሁ፣ ላብ እጠርጋለሁ፣ የቤቱን ኮት አለብሳለሁ። ያ ኮት ከፊት ሲያዩት የሚኒስትር ነው፤ ከኋላ ግን በልብስ መቆንጠጫ ነው የተያዘው። አለቃዬ የሚሠራው ቁልፏን መጫን ብቻ ነው። ሰውን ሰው የማስመስለው እኔ ነኝ፤ እሱም ይሄን ያውቃል፣ ግን በአፉ አይለውም።

ከመንገዱ ማዶ ደግሞ መስኮት ቁጥር ሦስት ላይ የምትቀመጥ ሴት አለች። አለቃዬ «ወይዘሮ ማኅተም» ነው የሚላት፤ ወይዘሮ እንኳ አይደለችም፣ አላገባችም። አባቷን ስታስታምምና ታናናሾቿን ስታስተምር አርባ ሦስት ዓመት ሞላት። በሥራዋ ላይ ምሕረት የላትም። «ጆሮው የት አለ?» ብላ ትመልሳለች። «ይሄ ጥላ ነው ወይስ ጢም?» ብላ ትመልሳለች። አሁን ደግሞ ፎቶው በኮምፒውተር ስለሚገባላት መቼ እንደተነሳ ከፍታ ታያለች፤ ስድስት ወር ካለፈው አትቀበልም። አንድ ጡረተኛ መምህር ፀጉራቸው ጥቁር የሆነበትን ፎቶ ይዘው ቢሄዱ፣ በፍጹም ትሕትና «የልጅዎን ፎቶ ነው ያመጡት መሰለኝ» ብላ ሸኘቻቸው። እሳቸውም መንገዱን ተሻግረው መጥተው ወንበራችን ላይ ቁጭ አሉና «ልጅ የለኝም እኮ» አሉን። አለቃዬ ሲያማት ይውላል፤ እሷ ባትመልስ ግን እኛ ምን እንደምንሠራ እንጃ።

ክፉ ናት እንዳትል። አንድ ቀን ዓይነ ስውር ሽማግሌ መጥተው «ሁለቱም ዓይን ተከፍቶ መታየት አለበት» የሚለው ደንብ ያዛቸው። ከወንበሯ ተነስታ ሦስት ፎቅ ወጥታ ከአለቆቿ ጋር ተከራክራ፣ ፈርማ፣ አስፈርማ፣ መታወቂያቸውን በእጃቸው አስጨብጣ እስከ በር ሸኘቻቸው። ያን ቀን ነው እኔ በልቤ «ይህቺ ለወንድሜ ናት» ያልኩት። ምሳዋን የምትበላው እኛ ጋ ነው፤ ትንሽ በትንሽ ስላንተ አወራኋት። ሁለት ወር ሙሉ አወራሁ። እሷም ስትሰማ ስትሰማ ቆይታ፣ አንድ ቀን ማንኪያዋን እያጠበች፣ ፊቷን ሳትመልስ «እስቲ ፎቶ ካለው ልየው» አለች። ለእሷ ይሄ ብዙ ነው።

ስነግርህ ደስ እንዳለህ ድምፅህ ያስታውቅ ነበር፤ ያን ቀን ኔትዎርኩም አልተቆራረጠም። እኔም የፎቶ ቤት ሰው አይደለሁ? «ጥራቱ እንዳይቀንስ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ሰነድ አድርገህ ላክ» ብዬ አስጠነቀቅኩህ። ለደንበኛ ሁሉ የምንለው ነው። አንተም፣ ከተወለድክ ጀምሮ አንድ ቀን ቃሌን ሰምተህ የማታውቅ ልጅ፣ ያን ቀን ሰማኸኝ።

በምሳ ሰዓት ስልኬን ሰጠኋት። አየችህ። ፈገግ አለች። እውነቴን ነው የምልህ፣ ሁለት ዓመት አብረን ስንበላ ጥርሷን አይቼው አላውቅም ነበር፤ ከጎን ያለው ትንሽ ተደራርቧል፣ ያምርባታል። አለቃዬ እንኳ ማኘኩን አቆመ። እኔ በሐሳቤ የሠርግ ልብሷን መተኮስ ጀምሬያለሁ። ከዚያ ጣቷ፣ ለክፋት አይደለም፣ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የሚውለው እሱን ስለሆነ ለምዶበት ነው፣ ፎቶው ሥር ሄዶ «ዝርዝር» የምትለዋን ነካ አደረገ።

ፈገግታዋ ተጣጥፎ ገባ። «ወንድምሽ ይሄን መቼ ተነሳሁት ነው ያለሽ?» አለችኝ። «ባለፈው እሁድ» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። «እሁድስ እሁድ ነው» አለች። «እሁድነቱን አልዋሸም። ግን የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት እሁድ ነው።»

አለቃዬን የጎረሰው አነቀው። እሷ ዓይኗን ሳትነቅል ማንበቧን ቀጠለች። የተነሳህበት ስልክ ከገበያ ከወጣ ስንት ጊዜው ነው አለች። ከሥሩ ቁጥሮች ነበሩ፤ እነሱን ስትነካ ካርታ ተከፈተ። «ቦታው የመኪና እጥበት ይላል» አለች። «ኧረ መኪናው የሱ ነው አላልኩም!» አልኩ እኔ፤ ማንም ሳይጠይቀኝ። አንተም አላልክም፣ እውነቱን እንነጋገር፤ ያለው ክንድህ ነው።

ስልኬን በሁለት እጇ መለሰችልኝና «እርስዎ አላጠፉም፤ እርስዎም የተነገረዎትን ነው የነገሩኝ» አለች። እስከዚያ ቀን «እትዬ፣ አንቺ ነገረኛ» እያለች ስትቀልድብኝ የኖረች ሴት «እርስዎ» ስትለኝ ነገር እንደተበላሸ ያኔ ገባኝ። እንዲያ በአክብሮት ከምትገፋኝ ብትሰድበኝ እመርጥ ነበር። የምሳ ዕቃዋን ክዳን ገጥማ ወጣች፤ ምሳዋ ግማሹ አላለቀም።

አለቃዬ ሳሉ ሲለቀው አስረዳኝ። ስልክ ፎቶ ባነሳ ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ በምን እንደተነሳ፣ አንዳንዴም የት እንደተነሳ ፎቶው ሆድ ዕቃ ውስጥ ጽፎ ያስቀምጣል አለኝ። ከላይ ሲያዩት አይታይም፤ ሲከፍቱት ነው። «እንደ ፎቶ ልኮት ቢሆን ሆድ ዕቃው ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ይራገፍ ነበር፤ እንደ ሰነድ ሲላክ ግን ሙሉውን ነው የሚደርሰው። ማነው እንደ ሰነድ ላክ ያለው?» ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ። እኔ መጋረጃውን መተኮስ ጀመርኩ። የተተኮሰ መጋረጃ ነበር።

እስከዚህ ያለው ያንተ ጥፋት ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ ነው፤ ሳልደብቅ እነግርሃለሁ፣ እባክህ ለባለቤቴ እንዳትነግረው።

በማግስቱ አንድ ብልሃት መጣልኝ። እኛ ሥራ ቤት የድሮ ፎቶውን የሚወድ ሰው ሲመጣ የታተመውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን እንደገና እናነሳዋለን፤ ያኔ ቀኑ አዲስ ይሆናል። ስለዚህ ከእናታችን አልበም ያንን ባርኔጣ ያደረግክበትን አወጣሁ፣ መተኮሻ ጠረጴዛዬ ላይ አነጠፍኩት፣ በስልኬ አነሳሁት፣ ጠርዙን ከረከምኩት። ከመቼ ወዲህ እንዲህ ጥሩ አንስቼ አላውቅም። በማግስቱ ጠዋት መስኮት ቁጥር ሦስት ተሰልፌ፣ ተራዬ ሲደርስ አንገቴን ቀና አድርጌ «ያኛው በስህተት ነው የተላከው፣ አዲሱ ይኸው» አልኳት።

ከፈተችው። «የትናንት ነው» አለች፤ «ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ።» «ይኸው!» አልኩ፤ ለሰልፈኛውም እንዲሰማ ጮክ አድርጌ። እሷ ግን ጣቷ ገና አልጨረሰም ነበር። ካርታውን ከፈተችና ስልኩን ወደኔ አዞረችው። ቀይዋ ነጥብ የእኛ ፎቶ ቤት ጣሪያ ላይ ቁጭ ብላለች። ወይዘሮ ማኅተም ብድግ ብላ በመስኮቱ አሻግራ ወደ ሱቃችን አየች፣ ከዚያ ወደኔ ተመለሰች። «እንኳን ደስ ያለዎት፤ ወንድምዎ ከሩቅ አገር መጥቷል ማለት ነው። ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ እናንተ ጓዳ ነበር። ታዲያ መንገድ ተሻግሮ ሰላም አይለኝም?»

አፌ መቼ ያርፋል፤ «ቸኩሎ ነበር» አልኩ።

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላዬ የነበረች ነጋዴ «ከሩቅ አገር መጥቶ ምን አስቸኮለው እናቴ?» አለች። ጥበቃው ሳይቀር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እኔ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፤ ቦርሳዬን እንኳ ረስቼው ኋላ ጥበቃው ነው ያመጣልኝ፣ እሱም ሲሰጠኝ «ወንድምዎ ነው የረሳው?» አለኝ። የመንደሩ መሳቂያ ሆንኩልህ።

ከሥራ መውጫ ላይ እሷ ራሷ መጣች። ደንበኛ የሚቀመጥበት ክብ ወንበር ላይ፣ መብራቶቹ መሐል ቁጭ አለች። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። «መላጣ ነው እንዴ?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት፤ እውነቴን ነው፣ ከተለያየን አሥራ ሦስት ዓመት። አባታችን በሠላሳ አምስት ዓመቱ አናቱ ላይ መስታወት እንደነበረው ግን አልደበቅኳትም። «መላጣ ሰው በቀን አርባ አያለሁ» አለች። «መላጣ ለፎቶ ጥሩ ነው፤ ጆሮ አይሸፍንም።» ሳቅ ሊያመልጠኝ ሲል ድምጿ ለወጥ አለ። «ሰው ቀኑን ሙሉ የድሮ ፊቱን ይዞልኝ ይመጣል፤ እኔም እመልሳለሁ። ሥራዬ ነው። ቤቴ ግን የምመልሰው ሰው እንዲኖር አልፈልግም።»

ወንድሜ፣ ዓይኔ ሞላ።

ከዚያ አለቃዬን «አንሳኝ» አለችው። ፓውደሩን ይዤ ብቀርብ እጄን ያዘችው። ፀጉሯን ላስተካክል ብል ተዪኝ አለች። መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ የተወውን ምልክት እንኳ አላሸችውም። አለቃዬ ኮምፒውተሩ ላይ ግንባሯን ሊያለሰልስ ሲል «አንዲት መስመር ብትነካ ነገ የምትልካቸውን ሁሉ እመልስብሃለሁ» አለችው፤ እጁን ከኮምፒውተሩ ላይ እንደ ጋለ ብረት አነሳ። «እንደ ሰነድ ላኪለት፤ ከፍቶ ይየው። እሱም እስከ ወሩ መጨረሻ የዛሬ ፊቱን ይላክ። ካልላከም ነገሩ ተዘጋ፣ ደግመሽ ስሙን አታንሺብኝ» አለችኝ። ዛሬ ጠዋት በስልክህ ልኬልሃለሁ። ይህቺ ሴት ቀልድ አታውቅም፤ «ተዘጋ» ካለች ማንም አያስከፍታትም።

ለእናታችን ሁሉን ነገርኳት። «ቸኩሎ ነበር» ያልኩት ላይ ስደርስ ወንበር ይዛ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪወርድ። ከዚያ ትራሷ ሥር እጇን ሰዳ የቀይ መኪናህን ፎቶ አወጣች፤ እንደመጣ አትሜ ሰጥቻት ነበር፣ በየጠዋቱ ትስመዋለች። «እንግዲህ ይሄን ሁሉ ቀን የድሮውን ልጄን ነው የሳምኩት?» አለች። «የድሮውንማ አውቀዋለሁ፤ እኔ ነኝ ያሳደግኩት። የዛሬውን አምጡልኝ። ሳላየው እንዳያረጅብኝ።»

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። እስከ ዛሬ የምልክልህ የእናታችን ፎቶ ሁሉ በእኔ እጅ ያለፈ ነው። ጉንጯን ቀለም አስነክቻታለሁ፣ አለቃዬም ግንባሯን አለስልሶልኛል፣ ከግራ በኩል ደግሞ ቆርጬዋለሁ፤ ምርኩዟ እንዳይታይህ። አዎ፣ ምርኩዝ ይዛለች፤ ሁለተኛ ዓመቷ ነው። አትደንግጥ፣ ገበያ ትሄድበታለች፣ ውሻም ታባርርበታለች። አንተን እንዳላሳስብህ ብዬ ነበር። አንተም እኛን እንዳታሳስበን ብለህ እንደሆነ ይገባኛል። ግን እየተዛዘንን ሳንተያይ ልንቀር ነው እኮ። ከወይዘሮ ማኅተም ፎቶ ጋር የእናታችንንም ከነምርኩዟ ልኬልሃለሁ።

አሁን ስማኝ። ጠዋት ፊትህን ታጠብ። መስኮት አጠገብ ቁም፤ ብርሃኑ ከፊትህ ይምጣ እንጂ ከኋላህ አይሁን። ባርኔጣህን አውልቅ። የሰው መኪና አትደገፍ። ሆድህን አትሳብ፤ ሲተነፍሱ መመለሱ አይቀርም። ጥርስህ ከጎደለ ጎድሎ ይታይ። መላጣ ከሆንክም ይብራ፣ አባትህን ትመስልልናለህ፣ እናታችን ደስ ይላታል። ከዚያ እንደ ሰነድ አድርገህ ላክ።

አብሮህ ለሚኖረው ጓደኛህ ሰላም በልልኝ፤ ያኔ መኪና እጥበቱ ላይ ያነሳህ እሱ ከሆነ ጥሩ እጅ አለው፣ እንደገና ያንሳህ። ለአከራይህም ሰላምታዬ ይድረሳቸው። እናታችን ግንባርህን ትስማለች፤ የትኛውን ግንባር እንደሆነ እንዳየችው ትወስናለች። ባለቤቴ በጣም ናፍቀኸኛል ይልሃል፣ ሬዲዮን መግጠም የምታውቅ ከሆነም ቶሎ ና ይልሃል። ልጄ ትስምሃለች፤ «አጎቴ ምንም ቢመስል አጎቴ ነው» ብላለች። አለቃዬም ሰላም ብሎሃል፤ ከመጣ በነጻ አነሳዋለሁ፣ ኮቱን ግን አላውሰውም ብሏል።

ይሄን ደብዳቤ ትናንት ጀምሬ ነው ዛሬ የጨረስኩት። ለመደምደም ከታች ቀኑን «ሐሙስ» ብዬ እንደጻፍኩ ወይዘሮ ማኅተም የምሳ ዕቃዋን ይዛ ገባች። ምሳዋን ሳትጨርስ ከወጣችበት ቀን ወዲህ ለምሳ ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነው። በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ ወረቀቱን አየችው። ሌላውን አላነበበችም፤ ዓይኗ ቀጥታ ቀኑ ላይ ነው የሄደው። «እትዬ፣ አንቺም ጀመርሽ እንዴ? ዛሬ አርብ ነው» ብላ እስክሪብቶዬን ከእጄ ወሰደችና «ሐሙስ»ን ሰርዛ ከጎኑ በራሷ እጅ «አርብ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ቁጭ ብላ ምሳዋን ከፈተች። እኔም ቀኑን እንዳለ ትቼዋለሁ። እስካሁን ለአንተ የጻፈችልህ ይህቺን አንዲት ቃል ብቻ ነው፤ እውነት ናት።

የምትወድህ እህትህ

ከፎቶ ቤቱ የኋላ ክፍል
አርብ፣ ግንቦት ፱ ቀን